የተዘጋውን የልብ ደም ሥር ስለ መክፈት

በተማሪዎች ማኅበር የንግግር ጉባኤ የቀረበ



ዛሬ የመረጥነው ጉዳይ ለሕክምና ተማሪዎች ብቻ የሚተው ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከመካከላችን ልብ የሌለው ሰው የለምና፣ የሕግ ተማሪም የእርሻ ተማሪም ቢሰማው ጊዜውን በከንቱ ያጠፋ አይሆንም።

እንደሚታወቀው ልብ ለሰውነት ሁሉ ደም ሲያድል ይኖራል። ለራሱ ግን ምግቡን የሚያገኘው በውስጡ ከሚያልፈው ደም ሳይሆን፣ ከትልቁ የደም ሥር ሥር ተገንጥለው ላዩን ከሚከቡት ሁለት ቀጫጭን የደም ሥሮች ነው። በነዚህ ግድግዳ ላይ ለብዙ ዓመታት የተጠራቀመው ስብ ድንገት ሲሰነጠቅ ደም በላዩ ይረጋና መንገዱን ይዘጋል። ከዚያ በታች ያለው የልብ ሥጋ ኦክሲጅን አጥቶ መሞት ይጀምራል፤ የሞተውም ተመልሶ አይተካም። ድንገተኛ የልብ ሕመም የምንለው ይኸው ነው።

ይህን የሰማ ሰው «ታዲያ የተዘጋውን መክፈት ነዋ!» ቢል አይፈረድበትም። ሆኖም ሐኪሞች እዚህ ለመድረስ ብዙ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እንገልጻለን።

የቺካጎው ሐኪም ጀምስ ሄሪክ በ1912 የልብ ደም ሥር በረጋ ደም መዘጋቱ ምን ዓይነት ሕመም እንደሚያመጣ ጽፎ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ለረጅም ዘመን የሕመምተኛው መድኃኒት ለሳምንታት ተኝቶ ማረፍ ነበር። ይባስ ብሎ በ1970ዎቹ ክርክር ተነሣ። ሬሳ የመረመሩ አንዳንድ ሊቃውንት የረጋውን ደም ሁልጊዜ ስላላገኙት፣ ደሙ የሚረጋው የልብ ሥጋ ከሞተ በኋላ ነው፤ ምክንያት ሳይሆን ውጤት ነው አሉ። ነገሩ እንደዚያ ቢሆን ኖሮ መክፈቱ ትርፍ ድካም በሆነ ነበር። ስለዚህ በሕይወት ባለ ሰው ልብ ውስጥ፣ ሕመሙ በጀመረበት ሰዓት መመልከት አስፈለገ።

መመልከቻው መንገድ ቀደም ብሎ ተጠርጎ ነበር። ጀርመናዊው ቬርነር ፎርስማን በ1929፣ አለቃው ከልክሎት ሳለ፣ ቀጭን ቱቦ በገዛ ክንዱ ደም ሥር አስገብቶ እስከ ልቡ ገፋውና በእግሩ ሄዶ ራጅ ተነሣ። ለዚህም በ1956 ከሌሎች ሁለት ሐኪሞች ጋራ የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በ1958 ደግሞ በአሜሪካ በክሊቭላንድ ሜሰን ሶንስ በራጅ የሚታየውን ፈሳሽ በትልቁ ደም ሥር ሊረጭ ሲል ቱቦው ሳይታሰብ ወደ ልብ ደም ሥር ገባ። ሕመምተኛው ተረፈ፤ የልብንም ደም ሥሮች አንድ በአንድ ማየት እንደሚቻል ታወቀ።

ክርክሩን የፈታው በ1980 የታተመው የማርከስ ደዉድና የባልደረቦቹ ሥራ ነው። ሕመሙ በጀመረ በ4 ሰዓት ውስጥ ከተመረመሩት 126 ሰዎች በ110ሩ ላይ ደም ሥሩ ጨርሶ ተዘግቶ አገኙት። ከ12 እስከ 24 ሰዓት ቈይተው ከተመረመሩት 57 ሰዎች ግን የተዘጋባቸው 37 ብቻ ነበሩ። ስለዚህ የረጋው ደም ከመጀመሪያው እዚያው ነበረ፤ የኋላ ኋላ በአንዳንዱ ላይ በራሱ ስለሚሟሟ ነው የሬሳ መርማሪዎች ያጡት።

ከዚያ ወዲያ ሥራው በሁለት መንገድ ተፋጠነ። አንደኛው መድኃኒት ነው። ቲሌትና ጋርነር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1933 ጉሮሮን ከሚያሳምም ባክቴሪያ የረጋ ደም የሚያሟሟ ነገር አግኝተው ነበር፤ ይህም ስትሬፕቶኪናስ ተባለ። በ1986 የታተመው የጣሊያን ጥናት ከ11,000 በላይ ሕመምተኞችን ከፍሎ ቢያመዛዝን፣ መድኃኒቱን ካላገኙት ከመቶ 13፣ ካገኙት ከመቶ 10.7 ሞቱ። በመጀመሪያው ሰዓት በወሰዱት ዘንድ ግን ሞት በግማሽ ያህል ቀነሰ። በ1988 የታተመው የ17,187 ሰዎች ጥናት ደግሞ ርካሹ አስፒሪን ሲጨመርበት ጥቅሙ እጅግ እንደሚበልጥ አሳየ። መድኃኒቱ ግን የረጋውን ደም የትም ያሟሟልና አንዳንድ ጊዜ በአንጐል ውስጥ ደም ያፈስሳል፤ ለሁሉ የሚሰጥ አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ ፊኛ ነው። አንድሬያስ ግሩንትሲግ በመስከረም 1977 በዙሪክ ጫፉ ላይ ትንሽ ፊኛ ያለበትን ቱቦ ወደ ጠበበ የልብ ደም ሥር አስገብቶ በመንፋት ከፈተው። በ1986 የተከፈተው ደም ሥር ተመልሶ እንዳይዘጋ የሚደግፍ ስቴንት የተባለ የሽቦ መረብ በሰው የልብ ደም ሥር ተተከለ። በ2003 የ23 ጥናቶች ድምር ሲታይ፣ በመድኃኒት ከታከሙት ከመቶ 9፣ በፊኛ ከታከሙት ከመቶ 7 ሞተዋል።

እንግዲህ ፊኛው በለጠ ብለን ነገሩን ልንዘጋው ነውን? አይደለም። ፊኛው የሚበልጠው በጊዜው ሲደርስ ነው። በዛሬው መመሪያ መሠረት ሕመሙ ከታወቀ በ120 ደቂቃ ውስጥ ፊኛው ካልደረሰ፣ የሚከለክል ነገር ከሌለ መድኃኒቱ ቶሎ ይሰጣል። በ2007 የታተመ የ2,287 ሰዎች ጥናት እንዳሳየው፣ ድንገተኛ ሕመም ሳይዛቸው በድካም ጊዜ ብቻ ደረታቸውን ለሚያማቸው ሰዎች መክፈቱ በመድኃኒት ከሚደረገው ሕክምና የበለጠ ከሞት አላዳነም። ስለዚህ መድኃኒቱ መክፈት ብቻ ሳይሆን በሰዓቱ መክፈት ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ የልብ ሥጋ ከሞተ በኋላ የሚከፈት መንገድ ጥቅሙ ትንሽ ነው።

ይህ ነገር እኛን በቀጥታ ይነካናል። በአገራችን የፊኛው ሥራ የሚሠራባቸው ስፍራዎች ጥቂት ናቸው፤ እነሱም በብዛት በአዲስ አበባ ይገኛሉ። ከዚህ በፊት ግን አንድ ሌላ መዘግየት አለ፤ እሱም በየቤታችን ያለው ነው። አባት ደረቱን ሲጨንቀው «ጨጓራ ነው» ይባላል፤ ተልባ ይበጠበጣል፤ እስኪነጋ ይጠበቃል። ደረትን እንደ ድንጋይ የሚጫን፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋራ የሚመጣ ሕመም ግን አይጠብቅም። በሴቶች፣ በሽማግሌዎችና በስኳር ሕመምተኞች ላይ ደግሞ ያለ ደረት ሕመም፣ በማቅለሽለሽና በትንፋሽ ማጠር ብቻ ሊመጣ ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ የማንም ግዴታ ነው።

አዲስ መሣሪያ እስኪገዛና ባለሙያ እስኪበዛ ብዙ ገንዘብና ብዙ ዓመት ያስፈልጋል፤ ይህንም ከመጠየቅ አንቦዝንም። በየቤታችን የሚባክነውን ሰዓት ማዳን ግን ገንዘብ አይጠይቅም። ለዕረፍት ወደ ቤተ ሰባችን ስንሄድ ይህን ነገር ለአባቶቻችንና ለእናቶቻችን እንንገራቸው።