ከአንደኛ ክፍል በፊት

አቅራቢ፦ ከቀሐ ወንዝ ወዲህም ማዶም፣ የጎንደር ልጅ ድሮ ፊደል የሚቆጥረው የኔታ ዘንድ ነበር። መዋዕለ ሕፃናት መክፈል የሚችል ወላጅ ብቻ የሚደርስበት ሆኖ ቆየ።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 የሕፃናት ትምህርት ፖሊሲ ወጣ፤ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ኦ ክላስ የሚባል የቅድመ አንደኛ ክፍል ተከፈተ። ለ6 ዓመት ልጅ፣ ለአንድ ዓመት።

ለምን ያስፈልግ ነበር? በዚያው ዓመት በተካሄደ አገር አቀፍ የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አቅቷቸዋል።

እርሳስ መያዝና «ለ»ን ከ«ሰ» መለየት የለመደ ልጅ አንደኛ ክፍልን በባዶ አይጀምርም። ግን መጫወቻ በሌለበት፣ ለሕፃናት ባልሠለጠነ መምህር እጅ ቁጭ ብሎ መዋል፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ከየኔታ ጉባኤ ያንሳል።

ወላጆች፣ አስመዝግባችሁ ብቻ አትመለሱ፤ የሚያስተምረው ማን እንደሆነ ጠይቁ።