ቅናሹን የሚከፍለው ማን ነው?



የዛሬውን ንግግሬን ከአንድ ድንጋይ እጀምራለሁ። በ1970ዎቹ፣ ልጅ ሳለሁ፣ እናቴ ስኳር እንዳመጣ ወደ ቀበሌ ሱቅ ትልከኝ ነበር። ወረፋው ገና ሳይነጋ ስለሚያዝ ሰዉ በራሱ ፈንታ ድንጋይ አስቀምጦ ይሄዳል። እኔም የቤታችንን ድንጋይ እጠብቅ ነበር። ስኳሩ ነጋዴው ከሚሸጥበት ዋጋ በእጅጉ ያነሰ ነበር፤ ያመለጠኝን ትምህርት ግን ማንም በሒሳብ አላስገባውም።

ያን ጊዜ ያላየሁት ሌላም ከፋይ ነበር። በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበሬው እህል ይገዛ የነበረው በኮታ፣ መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ነው። ዋጋው ከነጻው ገበያ በታች ነበር። ኮታውን መሙላት ያቃተው ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ የሚያስረክብበት ጊዜም ነበር። በየካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ታውጆ ኮታው እስኪቀር ድረስ፣ የከተሜው ቅናሽ ከገጠሬው ጎተራ ይቆረጥ ነበር።

ታዲያ ሸማቾች በትክክለኛ መንገድ በቅናሽ መግዛት አይችሉምን? ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ1844 በእንግሊዝ አገር፣ በሮችዴል ከተማ፣ ሸማኔዎችና ሌሎች ሠራተኞች ተሰባስበው ቅቤ፣ ስኳርና ዱቄት የሚሸጥ የጋራ ሱቅ ከፈቱ። የሚሸጡት በገበያ ዋጋ ነበር፤ ትርፉን ግን እያንዳንዱ አባል በገዛው መጠን ይመልሱለት ነበር። ቅናሹ የመጣው ከአምራቹ ጉሮሮ ሳይሆን ለመካከለኛ ነጋዴ ይሄድ ከነበረው ድርሻ ነው። የእኛ የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራትም፣ አምራችንና ሸማችን ፊት ለፊት የሚያገናኘው የእሁድ ገበያም፣ በደንብ ሲሠሩ የሚያተርፉን በዚሁ መንገድ ነው። ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተው ማሽላ በኩንታል ገዝተው ሲከፋፈሉም ምስጢሩ ያው ነው።

አሁን ወደ አሶሳ እንመለስ። የማንጎ ወቅት ሲደርስ ዋጋው ይወድቃል፤ እኛም በደስታ እንሸምታለን። ማንጎ ግን ቶሎ ይበላሻል። አዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ በጸጥታ ችግር መንገዱ የተዘጋባቸው ወቅቶች ነበሩ። መንገድ ሲዘጋ ከመሐል አገር የሚመጣው ዘይትና ለስላሳ መጠጥ ይወደዳል፤ ከዚህ መውጣት ያቃተው ፍሬ ይረክሳል። ገበሬው በውድ እየገዛ በርካሽ ይሸጣል። በዚያ ሳምንት በማንጎ ያገኘነው ቅናሽ የእርሱ ኪሳራ ነው።

እንግዲህ ቅናሽ ሦስት ምንጮች አሉት። አንደኛው ከአምራቹ እስከ ሸማቹ ያለውን ሰንሰለት ማሳጠር ነው። ሁለተኛው በመኸር ወቅት ገዝቶ ለክረምት ማቆየት ነው። ሦስተኛው የሌላው ሰው መቸገር ነው። በፊተኞቹ ሁለቱ ሁላችንም እንጠቀማለን፤ የሦስተኛው ዕዳ ግን ውሎ አድሮ ወደ እኛው ይመለሳል፤ የከሰረ ገበሬ ለከርሞ ዛፉን አይንከባከብምና።

ውድ ተማሪዎች፣ የምትኖሩት በቁርጥ ገንዘብ ነውና ርካሽ መፈለጋችሁ አያስነቅፋችሁም። የምለምናችሁ፣ ርካሽ ነገር ባገኛችሁ ቁጥር «ልዩነቱ ከማን ኪስ ወጣ?» ብላችሁ እንድትጠይቁ ነው። የኢኮኖሚክስ ትምህርትም ከዚህች ጥያቄ ይጀምራል።