የዑራ ኪዳነ ምሕረት ዕቃ ቤትና የአባቶች አደራ



ከባሕር ዳር በጀልባ ተሳፍሮ ወደ ዘጌ የሚሻገር ሰው፥ ከወደቡ ወርዶ በቡናው ዱር መካከል ጥቂት ከተጓዘ በኋላ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ይደርሳል። አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ከሦስት ሰብረው ቢተክሉት ቡና፥ ሎሚና ጌሾ ሆኖ በቀለ ተብሎ ይነገራልና፥ በዚያ ምድር በበሬ ማረስ ከጥንት ጀምሮ ክልክል ሆኖ ኖሯል፤ ዱሩም የተጠበቀው በዚህ ሥርዓት ነው።

የክቡ ቤተ ክርስቲያን የመቅደስ ግድግዳ እንደ መጽሐፍ ነው። በጥጥ ሸማ ላይ ተሥሎ በግድግዳው የተለጠፈውን ሥዕል የሚያይ ምእመን፥ ፊደል ባይቈጥርም ወንጌሉንና የቅዱሳኑን ገድል ያነባል። በአጠገቡ ያለችው ዕቃ ቤት ትንሽ ናት፤ ነገር ግን የነገሥታት ዘውድና የብራና መጻሕፍት በውስጧ ይታያሉ።

ጎብኚው ዘውዱን አይቶ ብልጭታውን ብቻ ቢያደንቅ፥ ሰሙን ይዞ ወርቁን ትቶ ይመለሳል። ወርቁስ ምንድር ነው ቢሉ፥ ንጉሥ ራሱን ያስጌጠበትን ዘውድ ለቤተ ክርስቲያን ሲሰጥ፥ ክብሩ አላፊ መሆኑን በገዛ እጁ መመስከሩ ነው። ንጉሡ ሞተ፤ ምስክርነቱ ግን በቄሰ ገበዙ ቁልፍ ሥር ይኖራል።

እንግዲህ ቁልፍ የያዘ ሰው ባለ አደራ እንጂ ባለቤት አይደለም። አደራ እንደሚሰረቅም የላሊበላው አፍሮ አይገባ አስተምሯል። ይህ መስቀል እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1997 ዓ.ም. ከቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰርቆ፥ በቤልጅግ አገር ከአንድ ዕቃ ሰብሳቢ እጅ ተገኝቶ፥ በ2001 ዓ.ም. ተመለሰ። ያ መስቀል ስሙም መልኩም የታወቀ ነበር። መልኩ ያልተጻፈ የአንድ ደብር መስቀል ቢሰረቅ ግን፥ ካህናቱ በምን ምልክት የእኛ ነው ይላሉ?

ስለዚህ ኢዮቤልዩውን የሚያከብር ደብር፥ ድግሱ ካለፈ በኋላ የሚቀር መዝገብ ሊኖረው ይገባል። ታቦቱ በካህናቱ ሥርዓት ይጠበቃል፤ ሌላውን ንዋየ ቅድሳት ግን አለቃው፥ ቄሰ ገበዙና የተመረጡ ሽማግሌዎች በአንድነት ይቊጠሩት። መጽሐፉን በቅጠሉ ብዛት፥ መስቀሉን በቁመቱና በክብደቱ፥ ሥዕሉን በፎቶግራፍ ይመዝግቡ፤ ሰጪው ማን እንደ ነበረ አረጋውያን ሳያልፉ ጠይቀው ይጻፉ። አረጀ ተብሎ ለነጋዴ የሚሰጥ አንድ የብራና ቅጠል፥ ገና ካልተወለደ ልጅ እጅ የተነጠቀ ርስት ነውና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።