እስቲ ጫማዎን ያውልቁ



አዘጋጆቹ «ስለዚያ ስለ ኦክስጅን ማሽን ንገሪን» ስላሉኝ ከእሱው ልጀምር። አሜሪካ በምሠራበት የቁስል ክሊኒክ ሰው ተኝቶ የሚገባበት፣ ትንሽ ሰርጓጅ መርከብ የሚመስል ክፍል አለ። ታካሚው እዚያ ውስጥ ከ2 እስከ 2.5 እጥፍ በሚደርስ የከባቢ አየር ግፊት ንጹሕ ኦክስጅን ይተነፍሳል፤ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በሳምንት 5 ቀን፣ ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 40 ዙር። ግፊቱ ሲጨምር ጆሮ ይደፈናል። ለሐበሻ ታካሚዎቼ «ወደ ዓባይ በረሃ እንደ መውረድ ነው» ስላቸው ወዲያው ይገባቸዋል። በዚያ ግፊት ኦክስጅኑ በፕላዝማው ውስጥ ጭምር ሟሙቶ ደም ያጠረው ሥጋ ድረስ ይዘልቃል። እሳት ግን ክፉኛ ይፈራል፤ ስልክ፣ ሎሽን፣ ናይሎን ልብስ አይገባም። አንዲት እናት ለበዓል ፀጉራቸውን ቅቤ ተቀብተው መጥተው የዕለቱን ሕክምና ሰረዝኩት። «ቅቤ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ቤት የሚያቃጥለው?» ብለው ተቆጡኝ።

ይሠራል ወይ? ለተመረጠ ታካሚ ይረዳል፤ ጥናቶቹ ግን በአንድ ድምፅ አይናገሩም። የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን መድን፣ ሜዲኬር፣ ለስኳር ሕመምተኛ እግር የሚከፍለው ቁስሉ ጥልቅና የከፋ ሲሆን፣ ያውም 30 ቀን መደበኛ ሕክምና ተሰጥቶት ለውጥ ካላሳየ ብቻ ነው። ለኔ ቁም ነገሩ ያለው እዚያ 30 ቀን ላይ ነው። እነዚያን ቀናት በወጉ ስንሠራባቸው ማሽኑን ሳያዩ የሚድኑ አሉ።

የሞተውን ሥጋና ዙሪያውን የጋገረውን መጅ እንቆርጣለን፤ የእግሩን የደም ዝውውር እንለካለን፤ ስኳሩን እናስተካክላለን። ከሁሉም በላይ ታካሚው ቁስሉን እንዳይረግጥ እናደርጋለን። ጤነኛ ሰው ጠጠር ከወጋው ያነክሳል፤ ነርቩ የሞተበት ግን ምስማር ረግጦ ቀኑን ሙሉ ይሄዳል። ስለዚህ እስከ ጉልበት ጀሶ እናስርለታለን፤ ክብደቱ በመላው እግሩ ላይ ይከፋፈላል። ይህ ዘዴ ወደ ስኳር ሕክምና የተሻገረው ከሥጋ ደዌ ሐኪሞች ነው። ቀዶ ሐኪሙ ፖል ብራንድ በሕንድ፣ በቬሎር ያሳዩት ይህንኑ ነበር፤ እግሩ የሚቆስለው ሕመም ስለማይሰማው ነው እንጂ ሥጋው በራሱ ስለሚበሰብስ አይደለም። እኛስ አለርት፣ ዘነበወርቅ ሄደን አላየንም? ለታካሚዎቹ ጫማ የሚሠራበትን ክፍል ታስታውሳላችሁ? ፈተና ላይ አይመጣም ብለን ማንኛችንም ማስታወሻ አልያዝንም።

እኔም ረሳሁት። እንደተመረቅሁ በአንድ ሆስፒታል ተመላላሽ ክፍል ስሠራ ጡረታ የወጡ መምህር በየወሩ ይመጡ ነበር። የጾም ስኳራቸውን አያለሁ፣ መድኃኒታቸውን አድሳለሁ። «አባባ፣ ደህና ነዎት?» «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ።» ኮሪደሩ በሰው ተጨናንቋል፤ «ቀጣይ!» እላለሁ። በ5ኛው ወር ሽታው ከሳቸው ቀድሞ ገባ። ጫማቸውን ሳስወልቃቸው ካልሲው ከሥጋው ጋር ተጣብቋል። እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ዋርድ ልጠይቃቸው ስሄድ እሳቸው እኔን ያጽናኑኝ ጀመር፦ «አላመመኝም እኮ፤ ቢያመኝ እነግርሽ ነበር።»

4 ወር ሙሉ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። አንድም ቀን ጫማዎን ያውልቁ አላልኳቸውም።

ማሽኑን እዚህ እናስመጣ ያላችሁኝ አላችሁ። ቢመጣ ደስ ይለኛል፤ ግን ውድ ነው፤ ቴክኒሺያን፣ ጥገና፣ የማይቋረጥ ኦክስጅን ይፈልጋል። እስከዚያው ከፋኩልቲው የምለምነው ተመላላሽ ክፍሉ በር ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር ነው። የስኳር ታካሚ ሁሉ እዚያ ጫማና ካልሲውን አውልቆ ሐኪሙ ዘንድ ይግባ። እኔ ደግሞ በሻንጣዬ የናይሎን ክር አምጥቻለሁ። ውስጥ እግር ላይ ሲጫኑት በ10 ግራም ጎበጥ ይላል፤ ታካሚው ዓይኑን ጨፍኖ ካልተሰማው እግሩ አደጋ ላይ ነው። ለሻይ ስትወጡ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ውሰዱ፤ ለኢንተርኖቹም ያዙላቸው።