የጊዜያዊ ሠራተኛዋ ቀን ፊርማ በመጠበቅ አይባክን



ለውጭ ገበያ የሚቀርብ ቡና ጆንያው ከመሰፋቱ በፊት በለቃሚ ሴቶች እጅ ያልፋል። ጥቁሩን፣ የተሰበረውንና ነፍሳት የበላውን ፍሬ ለይተው ያወጣሉ። ብዙዎቹ የሚከፈላቸው በለቀሙት መጠን በመሆኑ ያልለቀሙበት ቀን ክፍያ የለውም።

ችግሩ የሚጀምረው ሥራው ሲያልቅ ነው። ተቆጣጣሪው የመዘነውን የመጋዘን ኃላፊው ካላረጋገጠ፣ ሂሳብ ክፍልም ካልፈረመ ገንዘብ አይወጣም። አንዱ ፈራሚ ለስብሰባ ከሄደ ሠራተኛዋ «ነገ ተመለሺ» ትባላለች። የቀበሌ መታወቂያ ካልያዘችማ ከሰልፉ ትወጣለች። በዚያ ምሽት ለልጆቿ እራት መበደር ሊኖርባት ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተለየ ስምምነት ከሌለ ደመወዝ በሥራ ቀንና በሥራ ቦታ እንዲከፈል ይደነግጋል።

ቁጥጥር አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ የማኅበር ገንዘብ ያለ ሰነድ አይወጣም። ሆኖም ተተኪ ፈራሚ መመደብ፣ የክፍያውን ቀን በሰሌዳ መለጠፍ፣ የተመዘነውንም በዕለቱ በካርድ ጽፎ ለሠራተኛዋ መስጠት ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

አርሶ አደሩ ማኅበር ያቋቋመው ላቡ በነጋዴ ሚዛን እንዳይቀልበት ነው። በራሱ ግቢ የምትለቅመው ሴት ላብም እንዳይቀል መጠበቅ ይገባዋል።

መልካም የምሥረታ በዓል!