ክዳኑ ለጭነቱ ይታዘዝ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላትና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተወካዮች፣
የተከበራችሁ የሥራ አመራር ቦርድና የቁጥጥር ኮሚቴ አባላት፣
የተከበራችሁ የዞንና የወረዳ የሥራ ኃላፊዎች፣
ክቡራትና ክቡራን፣

በዚህ መድረክ ስለ ምርታማነት፣ ስለ ቁጠባና ብድር እንዲሁም ስለ ገበያ ትስስር ሰፊ ማብራሪያ ተሰጥቷል። እኔ በተሽከርካሪ ስምሪትና ጥገና ላይ የምሠራ ባለሙያ በመሆኔ የማቀርበው ጉዳይ ከእነዚህ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ሊመስል ይችላል። ጉዳዩ የፒክአፕ መኪኖቻችን የኋላ ክዳን ነው። ይሁን እንጂ ምርጥ ዘሩም፣ የከብት መድኃኒቱም፣ የሒሳብ ሰነዱም ከአርሶ አደሩ ደጃፍ የሚደርሰው በዚሁ ክዳን ሥር ሆኖ ስለሆነ ጥቂት ደቂቃ ታዳምጡኝ ዘንድ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ክዳን ለምን አስፈለገ?

የምንሠራበትን አገር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ማለዳ በውርጭ ከደባርቅ የተነሳ መኪና ሊማሊሞን ወርዶ ዛሪማ ቆላ ሲገባ ሙቀትና አቧራ ይጠብቀዋል። በሳንቃበርና በጨነቅ አድርጎ ወደ መካነ ብርሃን የሚወጣው ደግሞ በአንድ ቀን ጉም፣ በረዶና ፀሐይ ይፈራረቁበታል። ከዳባት ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚሄደውም በክረምት ከዝናብ አያመልጥም። ዩሪያ ማዳበሪያ እርጥበት ስቦ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። ዘር ከረጠበ ይበቅላል ወይም ይሻግታል። የአባላት መዝገብ ውኃ ከነካው የሚመለስ አይደለም። ስለሆነም ክዳን ያስፈልገናል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም።

ክርክሩ የሚጀምረው ክዳኑ እንዴት ይሠራ በሚለው ላይ ነው። በአካባቢያችን ክዳን ሲታዘዝ በያጁ የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ እርሱም “ጠንካራ ይሁን” የሚል ነው። በያጁም የታዘዘውን ይፈጽማል። ወፍራም ላሜራ ይቆርጣል፣ ቱቦላሬ ይበይዳል፣ ከመኪናው ስፖንዳ ጋር በስድስት ወይም በስምንት ብሎን ያስረዋል። ከአንድ ክረምት በኋላ ብሎኑና ዳዶው በዝገት ተያይዘው አንድ አካል ይሆናሉ። ከዚያ ወዲያ ክዳኑን ለማንሳት ሁለት መፍቻ፣ አምስት ሰውና ግማሽ ቀን ያስፈልጋል። ይህ ስለሚያታክት ማንም አያነሳውም። የውኃ ፓምፕ፣ የነዳጅ በርሜል፣ የንብ ቀፎ ወይም ረጅም ቆርቆሮ የሚጫን ቀን ሲመጣ የማኅበሩ መኪና ግቢ ቆሞ የኪራይ መኪና ይፈለጋል። የኪራዩም ገንዘብ የሚወጣው ከእናንተው ከአባላቱ ኪስ ነው።

“ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” እያልን የኅብረት ሥራን ጥቅም እናስተምራለን። ታዲያ አንድ ሹፌር ብቻውን ሊከፍተው የሚገባውን ክዳን ለአምስት ሰው ሸክም ማድረግ የዚህ አባባል ተቃራኒ ነው።

ክብደቱን እናስላ

ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ የጭነት ሳጥኑ ርዝመት 1.5 ሜትር፣ ወርዱ 1.5 ሜትር፣ የክዳኑ ቁመት 0.6 ሜትር ነው ብለን እንውሰድ። ጣሪያውና አራቱ ጎኖች ሲደመሩ 5.85 ካሬ ሜትር ይሆናሉ። የ1.5 ሚሊ ሜትር ብረት ላሜራ አንዱ ካሬ ሜትር 12 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝን ላሜራው ብቻ 69 ኪሎ ይሆናል። ለአጥንቱ 30 በ30 የሆነ፣ የ1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቱቦላሬ 19 ሜትር ያህል ያስፈልጋል፤ ይህም 25 ኪሎ ነው። ድምሩ 94 ኪሎ ደረሰ ማለት ነው።

አምራቹ ለመኪናው የወሰነው የጭነት ልክ ክዳኑንም፣ በጋቢና የተቀመጡትን ሰዎችም ይጨምራል። በመሆኑም 94 ኪሎ ክዳን የጫነ ፒክአፕ በእያንዳንዱ ጉዞ ሁለት ኩንታል ሳይሆን ሁለት ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ማዳበሪያ ያህል ቦታ ለላሜራ ሰጥቷል። ነዳጁም ባዶውን ሲመለስ ጭምር ይህንኑ ብረት ዳገት ለማውጣት ይቃጠላል።

አጥንቱን እንዳለ ትተን ላሜራውን በ1 ሚሊ ሜትር ብንለውጠው ድምሩ 71 ኪሎ ይሆናል። በ1 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ብናለብሰው 41 ኪሎ ይወርዳል። በካሬ ሜትር 700 ግራም በሚመዝን ጠንካራ ሸራ ብናለብሰው ደግሞ ከ30 ኪሎ አይበልጥም። 30 ኪሎ ሁለት ሰው ያለ ጭንቅ የሚያነሳው ነው።

“ሸራ ሌባ ይቀደዋል” የሚል ሥጋት እንደሚነሳ አውቃለሁ፤ ሥጋቱም እውነት አለው። መፍትሔው ግን መኪናውን በሙሉ ካዝና ማድረግ አይደለም። ለመድኃኒትና ለሰነድ የሚሆን አነስተኛ የብረት ሳጥን ከነቁልፉ ከሸራው ሥር፣ ከጋቢናው ጀርባ ማስቀመጥ ይበቃል። ድንችና ጫጩት የመሰለው ጭነት እንዲያውም አየር ይፈልጋል። ዙሪያውን በላሜራ በታሸገ ክዳን ውስጥ ፀሐይ ላይ የቆመ የድንች ዘር ይጎዳል፤ ሸራ ግን ጎኑ ተጠቅልሎ ይከፈታል።

አከፋፈቱና አነሳሱ

አባቶቻችን በበቅሎና በአህያ ሲጭኑ መጫኛውን እንዴት እንደሚያስሩ አስታውሱ። ጭነቱ ዳገትና ቁልቁለት አይፈታውም፤ ቦታው ሲደረስ ግን አንዱ ጫፍ ሲሳብ ይለቃል። የጎተራውም ክዳን ዝናብ አያስገባም፤ እህል ሲፈለግ ግን የቤቱ ሰው ብቻውን ያነሳዋል። ከበያጁ የምንጠይቀውም ይህንኑ ዘዴ በብረት እንዲሠራልን ነው።

አንደኛ፣ ክዳኑ በስፖንዳው ላይ ቀዳዳ ተበስቶ በብሎን አይታሰር። በሌሎች አገሮች፣ በተለይም በአሜሪካ፣ የፒክአፕ ክዳን ብዙውን ጊዜ የሚያዘው የስፖንዳውን ከንፈር ከውስጥ በሚቆነጥጥ መያዣ ነው። የእኛም በያጅ ከጠፍጣፋ ብረት አራት መያዣ ሠርቶ በእጅ የሚዞር ባለ ጆሮ ዳዶ ሊገጥምለት ይችላል። የጠጠር መንገድ ንዝረት ዳዶውን እንዳያላላው ከበላዩ ሁለተኛ ዳዶ ይጨመር። ሹፌሩም ከአንድ ሰዓት ጉዞ በኋላ ወርዶ በእጁ ይፈትሸው። ስፖንዳው ስለማይበሳ ዝገት መግቢያ አያገኝም፤ መኪናው ሲሸጥም ዋጋው አይወርድም።

ሁለተኛ፣ በግራው ጎን ሁለት ተነቃይ ማጠፊያ ይኑረው። ተነቃይ ማጠፊያ ማለት እንደ ቤት መስኮት ሽቦው ከታች ቆሞ ክንፉ ከላይ ተነስቶ የሚወጣለት ነው። ሁለቱም ሽቦዎች ወደ አንድ አቅጣጫ መቆም አለባቸው፤ አለዚያ አይነቀልም። በዚህ ዓይነት ክዳኑ በቀኝ በኩል ሲነሳ እንደ ሣጥን ይከፈታል። በአንድ ጎን ተይዞ በሌላው ጎን የሚነሳ ነገር ለማንሳት የሚጠይቀው ኃይል የክብደቱ ግማሽ ስለሆነ፣ 30 ኪሎው ክዳን ለሹፌሩ 15 ኪሎ ብቻ ይሆንለታል። የሚከፈተው በቀኝ ይሁን ያልኩበት ምክንያት በአገራችን መኪና የሚቆመው በመንገዱ ቀኝ ዳር በመሆኑ ነው። የሚከፍተው ሰው ከሚያልፈው ተሽከርካሪ ርቆ ይቆማል።

ሦስተኛ፣ ክዳኑ ሲከፈት ከቀጥታው አልፎ እንዳይወድቅ ሰንሰለት፣ ተመልሶ ራስ ላይ እንዳይወርድም የብረት ድጋፍ ከነመወርወሪያው ይደረግለት። በቤት አውቶሞቢል የኋላ በር ላይ ያለውን የጋዝ ድጋፍ የሚመርጡ አሉ። ነገር ግን ጋዝ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይቀንሳል። ከ27 ዲግሪ ወደ 2 ዲግሪ ሲወርድ ኃይሉ 8 በመቶ ያህል ይደክማል። ቆላ ላይ ቀጥ ብሎ የያዘው ድጋፍ ጨነቅ ላይ በማለዳ ሊከዳ ስለሚችል፣ የጋዝ ድጋፍ ቢኖርም የብረቱ አይቅር። ነፋስ በበረታበት ቦታም ክዳኑ አይከፈት።

አራተኛ፣ በክዳኑና በስፖንዳው መካከል ካረጀ የውስጥ ጎማ የተቆረጠ ጠፍር ይለጠፍ። ውኃ ይከላከላል፣ ጩኸት ይቀንሳል፣ ብረትና ብረት እንዳይፋጭ ያደርጋል። ማጠፊያውና ዳዶው በየወሩ ግራሶ ይቀቡ።

አምስተኛ፣ የተነሳው ክዳን ማረፊያ ይኑረው። መሬት ላይ የተጣለ ክዳን ይጣመማል፤ የተጣመመ ክዳን ደግሞ ተመልሶ አይገጥምም። ከመጋዘኑ ጣሪያ ወራጅ ላይ በገመድና በመዘውር ማንጠልጠል ይቻላል። አንዱ መዘውር ከወራጁ፣ ሌላው ከክዳኑ ጋር ሲሆን 30 ኪሎው ገመዱን ለሚስበው ሰው ከ15 ኪሎ ብዙም አይበልጥበትም። ሹፌሩ ክዳኑን ሰቅሎ መኪናውን ከሥሩ ያወጣል፤ ሲመለስም ወደ ኋላ ነድቶ ገብቶ ያወርደዋል። ወራጁ ግን ጠንካራነቱ አስቀድሞ ይታይ፤ ገመዱ ታስሮ ሳያልቅ ማንም ከሥሩ አይቁም።

የሰው ሕይወት ጉዳይ

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ጉልበትና ስለ ገንዘብ ነው። ከዚህ የሚበልጠው ግን የሰው ሕይወት ነው። የጭነት ሳጥን የሰው መቀመጫ አይደለም፤ ይህ መታወቅ አለበት። ሆኖም በምጥ የተያዘች እናት ወይም የታመመ ሰው ሲገጥም ሹፌሮቻችን ጥለው እንደማይሄዱ እናውቃለን። አብዛኛው የላሜራ ክዳን የሚከፈተው ከውጭ ብቻ ነው። መኪናው ቢገለበጥ ወይም እሳት ቢነሳ በውስጡ ያለው ሰው መውጫ የለውም።

በአንድ ወቅት አዲስ አበባ ውስጥ “ውይይት” የሚባሉ ታክሲዎች ነበሩ። የጭነት ሳጥናቸው ላይ ክዳን ተሠርቶላቸው ተሳፋሪው በሁለት አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት ይቀመጥ ስለነበር ነው ስሙ የወጣላቸው። በታይላንድም ዛሬ ድረስ ፒክአፕ ክዳንና ሁለት አግዳሚ እየተሠራለት ሕዝብ ያመላልሳል፤ በኋላ በኩል ግን ክፍት ነው። ሰው የሚገባበት ክዳን ሰው ከውስጥ ሊወጣበት የሚችል መሆን እንዳለበት ከዚህ እንማራለን። በመሆኑም በማንኛውም ክዳን ላይ ከውስጥ በእጅ የሚሳብ መወርወሪያ ይገጠም። ዋጋው ከአንድ ቁራጭ ብረትና ከጥቂት ደቂቃ ብየዳ አይበልጥም።

ሌላው የጭስ ነገር ነው። መኪና በሚሄድበት ጊዜ የኋላው በር ብቻ ተከፍቶ ከሆነ የጭስ ማውጫው ጭስ ተመልሶ ወደ ውስጥ ይሳባል። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የሌለው መርዝ ነው፤ ሰውንም እንስሳንም እንቅልፍ አስመስሎ ይገድላል። ስለዚህ የኋላው በር ተከፍቶ አይነዳ። አየር ካስፈለገ የጎኑ ሸራ ይጠቅለል።

ምን ይደረግ?

ክቡራትና ክቡራን፣

ለቦርዱና ለማኅበራቱ የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ከእንግዲህ ክዳን ሲታዘዝ በውሉ ላይ ሦስት ነጥብ ይጻፍ። አንድ ሰው ብቻውን ከፍቶ ይዝጋው። ሁለት ሰዎች ያለ መፍቻ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ያንሱት። ከውስጥም ይከፈት። በያጁ ቀሪ ክፍያውን የሚቀበለው እነዚህን ሦስቱን በግዥ ኮሚቴው ፊት በተግባር ካሳየ በኋላ ይሁን። አሁን በዝገት የተያዘ ክዳን ያላቸው ማኅበራትም ጥለው አዲስ ይግዙ አልልም። ብሎኑ ተቆርጦ መያዣና ተነቃይ ማጠፊያ ቢበየድበት፣ የጎኑ ላሜራ ወጥቶ በሸራ ቢተካ፣ አጥንቱ ገና ያገለግላል።

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች ደግሞ በሁለት ነገር እንድታግዙን እንጠይቃለን። በተሽከርካሪ አካል ላይ ለውጥ ሲደረግ ለዓመታዊ ምርመራ እንዳያስቸግር የመንገድ ትራንስፖርት ባለሙያዎች አስቀድመው ምክር ይስጡን። የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ተቋማትም የብየዳ ሠልጣኞቻቸው ይህን ክዳን እንደ ልምምድ ሥራ እንዲሠሩት ያድርጉ። ሠልጣኙ ሙያ ያገኛል፣ ማኅበሩ ክዳን ያገኛል።

በመጪው የዘር ወቅት ማለዳ ዘር አድርሶ፣ ከሰዓት በኋላ ክዳኑን ሰቅሎ ፓምፕ የሚጭን፣ ማታ መልሶ ሸፍኖ ሰነድ ይዞ የሚገባ መኪና በየማኅበሩ እንድናይ ምኞቴ ነው።