ክራሩን ለልጆቻችን እንቃኝ



ከ1997 ዓ.ም. የሰላም ስምምነት ወዲህ ብዙዎቻችን እንጀራ ፍለጋ ጁባ ገባን። ልጆቻችን በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ፣ በሠፈር የጁባ ዓረብኛ ይናገራሉ። ይህ ሀብት ነው። አማርኛው ግን የቁጣ መስሚያ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር እንሰጋለን።

ክራር የሚማር ልጅ ከመጫወቱ በፊት መቃኘትን ይማራል፤ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን በጆሮው ይለያል። ግጥሙን ሲይዝ ቋንቋውን ይይዛል። እስክስታ የሚወርዱ ልጆችም «ከየት ናችሁ?» ሲባሉ አንገታቸውን አይደፉም።

ለበዓል ሲዲ ከፍቶ መጨፈር ብቻ አይበቃም። ክራር ያላችሁ አውሱን፤ ማሲንቆ የምትችሉ አስተምሩልን፤ ወላጆችም ልጆቻችሁን አምጡልን።